ከአሮጌ ዴክ የወጣ አረንጓዴ ሰዓት፦ ቪኤፍዲን በአርዱኢኖ የማብራት መመሪያ

ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ ከሚሰበስበው ዕቃ ውስጥ አሮጌ የቪዲዮ ዴክና ዲቪዲ አይጠፋም። እኛ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቅዳሜ ጠዋት ከጆንያው ጫፍ ብቅ ብሎ ታዩታላችሁ። ለእሱ በኪሎ የሚሸጥ ብረትና ፕላስቲክ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ለሚወድ ሰው ግን ፊቱ ላይ ያለው፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ መሀል ባለ ቀለም ሰዓት የሚያሳየው መስታወት ብቻውን ዋጋ አለው። ቫኪዩም ፍሎረሰንት ዲስፕሌይ ይባላል፤ ባጭሩ ቪኤፍዲ።

ይህን መስታወት ነቅላችሁ፣ አርዱኢኖ በሚባለው ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ አብርታችሁ፣ በእኛ አቆጣጠር የሚቆጥር የጠረጴዛ ሰዓት እንዴት እንደምትሠሩ ላሳያችሁ። የውጭ መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ ማክስ6921 የሚባል ቺፕ ግዙ ይላሉ። ጥሩ ቺፕ ነው። 20 መስመር በአንዴ ይነዳል፣ እስከ 76 ቮልት ይችላል። ነገር ግን እዚህ ሆኖ አንድ ቺፕ ማስመጣት ከቺፑ ዋጋ በላይ ያስወጣል። ከአሮጌ ቦርድ የሚነቀል ተራ ትራንዚስተር (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ በሉት) ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ያውም ለአንድ መስመር አንድ ትራንዚስተር ብቻ። ዘዴው ቮልቴጁን የት ላይ እንደምታስቀምጡት ማወቅ ነው።

ውስጡ ምን አለ

ቪኤፍዲ የድሮው የሬዲዮ ቫልቭ ዘመድ ነው። ባለ ሰባት ጭረት አሃዝ የሚያሳየው የመጀመሪያው ቪኤፍዲ በ1967 ጃፓን ውስጥ ኢሴ ኤሌክትሮኒክስ በተባለ ኩባንያ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ዴክ፣ ቴፕ፣ ማይክሮዌቭ፣ የመኪና ሰዓት ውስጥ ሁሉ ገባ።

መስታወቱን ወደ መስኮት አዙራችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከፊት፣ ከዳር እስከ ዳር የተወጠሩ ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች አሉ። ፊላመንት የሚባሉት እነሱ ናቸው። ከእነሱ ኋላ በእያንዳንዱ አሃዝ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት መረብ አለ። እሱ ግሪድ ነው። ከመረቡ ኋላ ነጣ ያሉ ጭረቶች ይታያሉ። እነሱ አኖድ ናቸው፤ የተቀቡትም ኤሌክትሮን ሲመታው በሚያበራ ዚንክ ኦክሳይድ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፊላመንቱ ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል። ሙቀቱ ወደ 650 ዲግሪ ይደርሳል፤ በቀን ግን ሲግል አይታያችሁም። ግሪዱ ከፊላመንቱ አንጻር ፕላስ ከሆነ ኤሌክትሮኑን ስቦ ያሳልፋል። ማይነስ ከሆነ ይመልሰዋል። ያለፈው ኤሌክትሮን ፕላስ የሆነውን ጭረት ሲመታ ጭረቱ ያበራል። ስለዚህ አንድ ጭረት የሚበራው ግሪዱም ጭረቱም ሁለቱም ፕላስ ሲሆኑ ነው። አንዱ ከጎደለ ጨለማ ነው።

"ከፊላመንቱ አንጻር" የሚለውን ያዙልኝ። ሥራው ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነው።

መስታወቱን ማግኘትና መምረጥ

መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትወርዱ ታገኛላችሁ። ግን ያን ያህል መሄድም ላያስፈልግ ይችላል። የሰፈራችሁ ቴሌቪዥንና ቴፕ ጠጋኝ ጋ መደርደሪያ ሥር የተጠራቀመ አሮጌ ዕቃ አለ። ቀርባችሁ ብትጠይቁ በትንሽ ብር ይሰጧችኋል። የቪዲዮ ዴክ ተመራጭ ነው፤ መስታወቱ ሰፋ ያለ፣ እግሮቹም የተራራቁ ናቸው። የሳተላይት ሪሲቨር አትድከሙበት፤ አብዛኛው ላይ ያለው ተራ ኤልኢዲ ነው። መለያው ቀላል ነው። ቪኤፍዲ መስታወት ነው፣ ውስጡ ሽቦ ይታያል። ኤልኢዲ ግን የፕላስቲክ ድፍን ነው። ማይክሮዌቭ ውስጥም ቪኤፍዲ አለ፤ ግን ማይክሮዌቭ ከሶኬት ተነቅሎም የሚገድል ኃይል የሚይዝ ካፓሲተር አለው። ጠጋኝ ካልሆናችሁ አትክፈቱት።

መስታወቱን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ፈትሹ። ጥግ ላይ ብር የመሰለ የሚያብለጨልጭ ቦታ አለ። ጌተር ይባላል፤ ውስጥ የቀረችውን ትንሽ አየር የሚውጠው እሱ ነው። የሚያብለጨልጭ ከሆነ መስታወቱ ጤነኛ ነው። ወተት መስሎ ከነጣ አየር ገብቷል፤ ተስፋ የለውም፣ ተዉት።

መንቀል

ዴኩን ከሶኬት ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ወደ 310 ቮልት ይይዛል። ካቻቢቴ ከማስገባታችሁ በፊት በቴስተር ለኩት።

ዴኩ ገና የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሳትነቅሉ በፊት ዕድሉን ተጠቀሙበት። ከፓወሩ ወደ ፊት ፓነል የሚሄደው ገመድ አጠገብ ቦርዱ ላይ ብዙውን ጊዜ ጽሑፍ አለ፤ ኤፍ ፕላስ፣ ኤፍ ማይነስ፣ ማይነስ 24 ወይም ማይነስ 21 የመሰለ። ጻፉት፤ ከተቻለም ፎቶ አንሱት። የፊላመንቱን ቮልቴጅ በቴስተር ብትለኩት ግን ቁጥሩን እንደ ፍንጭ ብቻ ያዙት። ብዙ ዴኮች ለፊላመንት የሚሰጡት በጣም ፈጣን ተለዋዋጭ ኃይል ነው፤ ርካሽ ቴስተር ያሳስተዋል።

ስትነቅሉ አትቸኩሉ። በእያንዳንዱ እግር ላይ መጀመሪያ አዲስ ስታኞ ጨምሩ። አሮጌው ስታኞ በአዲሱ ይለሰልሳል። ከዚያ በስታኞ መሳቢያ ሳቡት። ሁሉም እግር በቀዳዳው ውስጥ በነፃነት ሲነቃነቅ መስታወቱ በራሱ ይወጣል። ካልወጣ አንድ የቀረ እግር አለ ማለት ነው፤ ፈልጉት እንጂ አትጎትቱት። እግሩ ከመስታወቱ የሚወጣበት ቦታ በጣም ስስ ነው። እግር ማጠፍ ካስፈለገ ከመስታወቱ በኩል በፒንሳ ያዙና ከፒንሳው ወዲያ ያለውን እጠፉ። ጎን ላይ ወይም ኋላ ላይ የተቆለመመች ትንሽ የመስታወት ጫፍ ካለችም ተጠንቀቁላት። አየሩ የተሳበው በእሷ በኩል ነው፤ ከተሰበረች ነገሩ አበቃ።

የትኛው እግር የምንድን ነው

ፊላመንቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በሁለቱ ዳር ባሉት እግሮች ላይ ነው። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ግራ ዳርና ቀኝ ዳር ንኩ። ከጥቂት ኦም እስከ ጥቂት አሥር ኦም ካነበበ ፊላመንቱ እሱ ነው። ሌሎቹ እግሮች እርስ በርስም ሆነ ከፊላመንቱ ጋር አይገናኙም። ሁለት የዳር እግሮች ዜሮ ኦም ካሳዩ ደግሞ ያው የአንዱ ጫፍ መንታ ናቸው።

አሁን ፊላመንቱን አግሉት። ዳታሺት፣ ማለትም የፋብሪካው የመረጃ ወረቀት፣ ከሌላችሁ ከታች ጀምራችሁ ውጡ። መጀመሪያ አንድ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ። ከዚያ ሁለት። መብራት አጥፉና፣ መጋረጃ ዝጉና፣ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። ከዚያ ሽቦዎቹን ከጎን እዩ። ምንም ካልታየ ደህና ነው። በጨለማ ውስጥ በጭንቅ የምትታይ ቀላ ያለች መስመር ካያችሁ ደርሳችኋል፤ ከዚያ ትንሽ ዝቅ አድርጉ። በግልጽ ቀልቶ ከታየ በዝቷል፤ ወዲያው አቋርጡ። የፊላመንት ሽቦ አንዴ ከተቃጠለ መስታወቱ ከዕቃ ተራ ይወጣል። የቤት ዕቃ ላይ የነበሩ ትንንሽ መስታወቶች አብዛኛውን ጊዜ በ2 እና በ4 ቮልት መሀል፣ በ100 ሚሊአምፒር አካባቢ ይሠራሉ።

ፊላመንቱ ሲግል የሚያስደስተው ክፍል ይመጣል። ሦስት ባለ 9 ቮልት ባትሪ በተከታታይ አገናኙ፤ 27 ቮልት ይሆናል። የባትሪዎቹን ማይነስ ከፊላመንቱ አንድ ጫፍ ጋር አያይዙ። ፕላሱን በ220 ኦም ሬዚስተር በኩል አውጡና፣ ከፊላመንቱ እግሮች በቀር ሌሎቹን እግሮች ሁሉ በአንድ የተላጠ ሽቦ አስነክታችሁ ከእሱ ጋር አገናኙ። መስታወቱ ባንዴ ይበራል። አሃዙም፣ ነጥቡም፣ የካሴቱም ምልክት፣ ሁሉም። ለዓመታት መደርደሪያ ሥር የተኛ ዕቃ እንደዚያ ሲበራ ማየት እኔን ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ከዚያ አንድ በአንድ እግሮቹን ከፕላሱ ለዩና ወደ ማይነስ ንኩ። አንድ ሙሉ አሃዝ ከጠፋ ያ እግር ግሪድ ነው። በሁሉም አሃዝ ላይ አንድ ዓይነት ጭረት ከጠፋ ያ እግር አኖድ ነው። ምንም ካልተለወጠ ባዶ እግር ነው። ወረቀት ላይ መስታወቱን ስላችሁ ቁጥር ሰጥታችሁ ጻፉ። ይህን ወረቀት አትጣሉት።

ለጭረቶቹ ስም እኔ የምሰጠው በሀ ሁ ቅደም ተከተል ነው። ላይ ያለው ሀ፣ ቀኝ ከላይ ለ፣ ቀኝ ከታች ሐ፣ ታች መ፣ ግራ ከታች ሠ፣ ግራ ከላይ ረ፣ መሀል ሰ። በዚህ መሠረት 1 ማለት ለ እና ሐ ነው። 4 ማለት ለ፣ ሐ፣ ረ፣ ሰ ነው። 0 ከሰ በቀር ሁሉም ነው።

24 ቮልቱን የት እናስቀምጠው

አርዱኢኖ 5 ቮልት ብቻ ነው የሚያውቀው። መስታወቱ ደግሞ 24 ቮልት አካባቢ ይፈልጋል። የተለመደው መንገድ ማይነሶችን ሁሉ አገናኝቶ ፕላሱን ወደ 24 ማውጣት ነው። እንደዚያ ከሆነ ለአንድ መስመር ሁለት ትራንዚስተርና ብዙ ሬዚስተር ይፈልጋል። እኛ እንገለብጠዋለን። ፕላሶቹን እናገናኛለን፤ 24 ቮልቱን ከ5 ቮልቱ ወደ ታች እናንጠለጥለዋለን። የዲቪዲ ፋብሪካዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ዘዴ ነው፤ ቦርዱ ላይ ማይነስ 24 የሚል ጽሑፍ የምታዩት ለዚህ ነው።

ሁለት የ12 ቮልት አዳፕተር ፈልጉ። የአሮጌ ዋይፋይ ራውተር ወይም የሪሲቨር ይሆናል። ሁለቱም ባለ ሁለት እግር ሶኬት መሆን አለባቸው። የአንዱን ፕላስ ከሌላው ማይነስ ጋር አገናኙ፤ በቀሩት ሁለት ጫፎች መሀል 24 ቮልት ታገኛላችሁ። የዚህን ፕላስ ከአርዱኢኖው የ5 ቮልት እግር ጋር አገናኙ። ማይነሱ ከአርዱኢኖው ዜሮ 19 ቮልት ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። እዚያ ላይ አንድ መስመር ዘርጉ፤ በእሱና በ5 ቮልቱ መሀል 100 ማይክሮፋራድ ባለ 50 ቮልት ካፓሲተር አስገቡ (ማይነሱ ወደ ታች)፤ መስመሩን "ታችኛው መስመር" ብላችሁ ጥሩት።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። ኤሌክትሮኒክስ ስንማር ማይነስ ሁሉ ይገናኛል ብለን ለምደናል። እዚህ ክልክል ነው። ታችኛው መስመር የአርዱኢኖውን ግራውንድ (ዜሮውን) ከነካ 24 ቮልቱ በቀጥታ አርዱኢኖው ላይ ያርፋል፤ ያቃጥለዋል። ሁለቱ የሚገናኙት በአንዲት የፕላስ ሽቦ ብቻ ነው። ስለዚህ ታችኛውን መስመር ለብቻው በተለየ ቀለም ሽቦ ሥሩ፤ ጥቁር አትጠቀሙ።

ሁለተኛው ጉዳይ ኮምፒውተር ነው። ባለ ሦስት እግር ሶኬት ያለው ዕቃ ብዙ ጊዜ ማይነሱ ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። ለ24 ቮልቱ የላፕቶፕ ቻርጀር ተጠቅማችሁ፣ አርዱኢኖውንም ከሶኬት ላይ ካለ ኮምፒውተር ጋር ብታገናኙ፣ ሁለቱ ማይነሶች ሳታውቁት በመሬት በኩል ይገናኛሉ። ባለ ሁለት እግር አዳፕተር ያልኩት ለዚህ ነው። ፕሮግራም ስትጭኑ 24 ቮልቱን ንቀሉት። ሲሠራ ደግሞ አርዱኢኖውን በስልክ ቻርጀር አስነሡት።

ትራንዚስተሮቹ

ኤ1015 የሚባለው ፒኤንፒ ትራንዚስተር ከማንኛውም አሮጌ ቴፕና ቴሌቪዥን ቦርድ ላይ ይገኛል። እስከ 50 ቮልት ይችላል። 2ኤን3906 ወይም ቢሲ557ም ይሆናል። የእግሮቻቸው ቅደም ተከተል ግን ይለያያል። ኤ1015 ጠፍጣፋው ፊቱ ወደ እናንተ ሆኖ ከግራ ኤሚተር፣ ኮሌክተር፣ ቤዝ ነው። መሀለኛው ኮሌክተር መሆኑን አትርሱ። የነቀላችሁትን እያንዳንዱን በቴስተር ፈትሹ፤ ከአሮጌ ቦርድ የወጣ የሞተ ትራንዚስተር ብዙ ሰዓት ያባክናል።

ለባለ አራት አሃዝ ሰዓት 12 መስመር ያስፈልጋል። ሰባት ጭረት፣ አራት ግሪድ፣ አንድ ለመሀል ሁለቱ ነጥቦች። አርዱኢኖ ኡኖ ከ2 እስከ 13 ያሉት እግሮቹ ልክ 12 ናቸው። ከ2 እስከ 8 ጭረቶቹን፣ ከ9 እስከ 12 ግሪዶቹን፣ 13 ላይ ነጥቦቹን አድርጉ። 13ኛው አርዱኢኖው ሲነሣ በራሱ ብልጭ ብልጭ ስለሚል ነጥቦቹ ቢሆኑ አያስከፋም።

እያንዳንዱ መስመር እንዲህ ይሠራል። ኤሚተሩ ወደ 5 ቮልት። ቤዙ በ10 ኪሎኦም በኩል ወደ አርዱኢኖ እግር። ኮሌክተሩ ወደ መስታወቱ እግር። ከኮሌክተሩ ደግሞ 47 ኪሎኦም ወደ ታችኛው መስመር። በቤዝና በኤሚተር መሀል 100 ኪሎኦም ጨምሩ፤ አርዱኢኖው እስኪነሣ ድረስ ትራንዚስተሩን ዘግቶ ይይዘዋል።

የአርዱኢኖው እግር ዜሮ ሲሆን ትራንዚስተሩ ይከፈታል፣ የመስታወቱም እግር ወደ 5 ቮልት ይወጣል። እግሩ 5 ሲሆን ትራንዚስተሩ ይዘጋል፣ 47 ኪሎኦሙ የመስታወቱን እግር ወደ ታች ይጎትተዋል። አርዱኢኖው ከራሱ ዜሮና አምስት ሌላ ቮልት በፍጹም አያይም። መስታወቱ ግን 24 ቮልት ወጥቶ ሲወርድ ያያል። የዚህ ዘዴ ውበቱ እዚህ ጋ ነው።

አንዱን መስመር ሠርታችሁ ሳትቀጥሉ ለኩት። የቴስተሩን ጥቁር ታችኛው መስመር ላይ፣ ቀዩን ኮሌክተሩ ላይ። የቤዙን ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ስትነኩ 24፣ ወደ 5 ቮልት ስትነኩ ዜሮ አካባቢ ማንበብ አለበት። ልክ ከሆነ የቀሩትን 11 ሥሩ።

የማትጠቀሙባቸውን ግሪዶችና ምልክቶች፣ ካሴቱን፣ ቀናቱን፣ ሁሉንም በቀጥታ ከታችኛው መስመር ጋር አሥሯቸው። ተንጠልጥለው ከቀሩ ሳይጠሩ ይበራሉ።

ፊላመንቱን በሥርዓት መመገብ

ፊላመንቱን በባትሪ ወይም በሌላ ዲሲ፣ ማለትም አቅጣጫው በማይቀያየር ኃይል፣ ማብራት ይቻላል። ግን አንዱ ዳር ደመቅ፣ ሌላው ዳር ፈዘዝ ይላል። ምክንያቱም የሽቦው ሁለት ጫፎች ቮልቴጅ ስለሚለያይ ነው። ተለዋዋጭ ኃይል ብትሰጡት ጫፎቹ እየተቀያየሩ እኩል ይሆናሉ። ከአሮጌ ቴፕ ወይም ከዚያ ከባድ ባለ መቀየሪያ አዳፕተር ውስጥ ትንሽ ትራንስፎርመር አውጡ። ዳዮዶቹን ዝለሉና ዝቅተኛውን ውጤት በቀጥታ ከትራንስፎርመሩ ውሰዱ። 220 የሚገባበትን በኩል በደንብ ሸፍኑት፤ በሚለጠፍ ቴፕ ብቻ ሳይሆን በሳጥን።

ትርፉን ቮልት በሬዚስተር ቀንሱ። ለምሳሌ ትራንስፎርመሩ 4.2 ቮልት ቢሰጥ፣ ፊላመንቱ ደግሞ 2.8 ቮልት በ100 ሚሊአምፒር ቢፈልግ፣ ልዩነቱ 1.4 ቮልት ነው። ለ0.1 አምፒር ሲካፈል 14 ኦም። 15 ኦም ባለ ግማሽ ዋት አስገቡ።

ከከተማ ዳር ለምንኖር ሰዎች ይህን ስትለኩ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ማታ 1 እና 2 ሰዓት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ይለኩሳል፣ መስመሩ ይወድቃል። በዚያ ሰዓት አስተካክላችሁ ከተኛችሁ፣ ሌሊት ጭነቱ ሲቀንስ ቮልቴጁ ከፍ ይላል፣ ፊላመንቱም አብሮ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሌሊት ወይም ማለዳ፣ ቮልቴጁ ጥሩ በሆነበት ሰዓት ለኩና ሬዚስተሩን በዚያ ምረጡ። ማታ ትንሽ ቢፈዝ ምንም አይደለም።

አሁን የመጨረሻዋ ጉዳይ ቀረች። ግሪዱ ሲጠፋ ከፊላመንቱ በታች መውረድ አለበት ብለናል። ስለዚህ ፊላመንቱ ራሱ ከታችኛው መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። በፊላመንቱ ሁለት ጫፎች መሀል ሁለት ባለ 100 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ አገናኙ፤ የሚገናኙበት ቦታ መካከለኛ ነጥብ ይሆናል። ከዚያ ነጥብ ወደ ታችኛው መስመር 4.7 ቮልት ዜነር ዳዮድ (ቮልቴጁን በተጻፈበት ቁጥር ላይ የሚይዝ ዳዮድ ነው) አስገቡ፤ ቀለበት ያለበት ጫፍ ወደ ፊላመንቱ። ከዚያው ነጥብ ወደ 5 ቮልት ደግሞ 10 ኪሎኦም አስገቡ፤ ዜነሩ ሁልጊዜ በሥራ ላይ እንዲሆን ነው። አለቀ። አሁን የጠፋ ግሪድ ከፊላመንቱ 4.7 ቮልት ዝቅ ይላል፤ በደንብ ይዘጋል።

ፕሮግራሙ

አራቱ አሃዞች ባንዴ አይበሩም። አንድ በአንድ ይበራሉ፤ ፍጥነቱ ዓይን ያታልላል። ሲነሣ መጀመሪያ ሁሉንም እግር 5 ቮልት አድርጉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ውጤት (አውትፑት) ቀይሯቸው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሲነሣ መስታወቱ ሁሉ ብልጭ ይላል። ያስታውሱ፣ እዚህ ዜሮ ማለት በርቷል፣ አንድ ማለት ጠፍቷል ነው።

ዙሩ እንዲህ ነው። ሁሉንም ግሪድ አጥፋ። 60 ማይክሮሰከንድ ቆይ። የሚቀጥለውን አሃዝ ጭረቶች አስቀምጥ። የዚያን አሃዝ ግሪድ አብራ። 2.5 ሚሊሰከንድ ቆይ። ወደሚቀጥለው እለፍ። አራቱ ሲዞሩ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል፤ በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል ማለት ነው። ዓይን አይይዘውም። ያቺን 60 ማይክሮሰከንድ አትዝለሏት። ካለሷ ያለፈው አሃዝ ጥላ በሚቀጥለው ላይ ይታያል።

ዙሩን በታይመር ኢንተራፕት፣ ማለትም አርዱኢኖው ሌላ ሥራ ላይ ቢሆንም በየጊዜው እያቋረጠ በሚያስጠራ ዘዴ፣ ብታደርጉት ይሻላል። ሰዓት ከሚይዘው ሞጁል (ከታች አለ) ስታነቡ ዙሩ ከቆመ መስታወቱ ይርገበገባል። ሌሊት ብርሃኑን ለመቀነስ ግሪዱ የሚበራበትን 2.5 ሚሊሰከንድ ወደ ግማሽ ሚሊሰከንድ አውርዱትና የቀረውን ጊዜ ጠፍቶ ይጠብቅ። ብርሃን በፊላመንቱ አትቀንሱም፣ አትጨምሩም።

ሰዓቱን የሚይዘው ዲኤስ3231 የሚባል ሞጁል ነው። በዓመት የሚያዛንፈው አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። መብራት ሲጠፋ በራሱ ባትሪ ይቆጥራል፤ እኛ ሰፈር ይህ ግዴታ ነው። ርካሹ ሞጁል ላይ ግን ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግ አንዲት ዳዮድና ሬዚስተር አለች። የማይሞላ ባትሪ ሲአር2032 ካስገባችሁ ያቺን ዳዮድ ንቀሏት፤ የማይሞላ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ይነፋል። ሞጁሉን ከኤ4 እና ከኤ5 እግሮች ጋር አገናኙ።

በሞጁሉ ላይ የፈረንጁን 24 ሰዓት ሙሉ። ለማሳየት ሰዓቱ ላይ 6 ደምሩ፣ ለ12 አካፍሉና ቀሪውን ውሰዱ። ቀሪው ዜሮ ከሆነ 12 ይጻፍ። ጠዋት 7 ሲል 13 ይሆናል፣ ቀሪው 1፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ቀትር 12 ሲል 18፣ ቀሪው 6፤ 6 ሰዓት። ማታ 18 ሲል 24፣ ቀሪው ዜሮ፤ 12 ሰዓት። አንድ መስመር ኮድ ነው፤ ሰዓቱን ግን የቤታችን ያደርገዋል።

ካልሠራ

ጨለማ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ፊላመንቱን ለኩ፤ ቀጥሎ በታችኛው መስመርና በ5 ቮልት መሀል 24 መኖሩን። ሁለቱም ካሉ ግሪዶቹን ተመልከቱ፤ ጭረት ያለ ግሪድ አይበራም።

የጠፋ ጭረት ደብዝዞ የሚታይ ከሆነ ዜነሩን ወደ 6.8 ቀይሩት። ካልበቃ 47 ኪሎኦሞቹን ወደ 22 አውርዱ። ሦስተኛው መንገድ 60 ማይክሮሰከንዱን ወደ 120 መጨመር ነው።

አንድ አሃዝ ብቻ ፈዞ ሌሎቹ ደምቀው ከታዩ የዚያ ግሪድ ትራንዚስተር ደካማ ነው፤ ቀይሩት። በሁሉም አሃዝ ላይ አንድ ዓይነት ጭረት ከፈዘዘ የዚያ ጭረት ትራንዚስተር ነው። በአንዳንድ አሃዞች ላይ ብቻ አንዳንድ ጭረቶች ከፈዘዙ ግን ምናልባት ዕቃው አርጅቶ ነው። ዴኩ ለዓመታት 12፡00 ሲያሳይ ከኖረ የ1፣ የ2 እና የ0 ጭረቶች ከሌሎቹ ቀድመው ይደክማሉ። ያ አይጠገንም። ቮልቴጁን እስከ 30 ድረስ ከፍ ብታደርጉ ትንሽ ይረዳል፤ ትራንዚስተሩ ይችለዋል። ፊላመንቱን ግን ለድምቀት ብላችሁ ከፍ አታድርጉ።

ሳጥን ስትሠሩ የዴኩን የፊት ፕላስቲክ አትጣሉት። ያ ጠቆር ያለው መሸፈኛ ለጌጥ አልተቀመጠም። ያልበሩትን ነጣ ያሉ ጭረቶች ይደብቃል፤ የበሩትን ያጎላል። ልኩን ቆርጣችሁ መስታወቱ ፊት አድርጉት፣ ትንሽ ክፍተት ተዉለት፣ ከላይም ለሙቀት መውጫ ቀዳዳ ብሱ።